ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወንዝ

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ቢሆን አልጨረስኩትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ይሄ ደግሞ ስለ ዓለም ወንዞች ምን አግብቶት ይጽፋል?» የሚል አንባቢ ካለ ከወዲሁ ልቡን እንዲያሳርፍ ነው። ስለ ውኃ ከሆነ ያገባኛል፤ አርባ ዓመት በቧንቧ ሥራ ኖሬያለሁ። ስለ ሳቅ ከሆነም ያገባኛል፤ ከተሳቀብኝ አርባ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ቀኑን ጭምር አስታውሳለሁ። ማክሰኞ ነበር፤ ከእረፍት በኋላ።

የምሠራው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቧንቧ፣ በር፣ መስኮት፣ ወንበር፣ የተሰበረ ነገር ሁሉ የእኔ ነው። አንድ ነገር ካልተሰበረ እኔን የሚያስታውስ ሰው የለም።

በዚህ ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ አለ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ የዓለምን ዐሥር ታላላቅ ወንዞች በርዝመታቸው ቅደም ተከተል፣ በአንድ ትንፋሽ መደርደር አለበት። «ናይል፣ አማዞን፣ ያንግትዜ፣ ሚሲሲፒ!» እያሉ እያጨበጨቡ ይቀጥላሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ዘፈን ነው የሚመስለው። የተሳሳተ ልጅ ግን ከሰሌዳው አጠገብ ካለችው ጥግ ሄዶ ይቆማል። የጥጓ ስም «ደረቅ ወንዝ» ነው። እዚያ የቆመ ልጅ ላይ ክፍሉ ይስቃል፤ መሳቅ የትምህርቱ ክፍል እስኪመስል ድረስ። ያችን ጥግ በየዓመቱ ቀለም የምቀባት እኔ ነኝ። በየዓመቱም በልጅ ትከሻ ከፍታ ላይ ቀለሙ ተልጦ አገኘዋለሁ። ተደግፈው ተደግፈው ነዋ!

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ከአራተኛ ክፍል መስኮት ሥር ያለውን የእጅ መታጠቢያ እጠግናለሁ። ሦስት ቧንቧዎች አሉት። አንዱ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ያፏጫል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ አንዳንድ ሰው ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ፊት ላይ ይተፋል። እሱን እየፈታሁ ሳለ የመምህርቷን ድምፅ ሰማሁና ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ልጆቹ ይወዷታል። እኔም አልጠላትም፤ ይህ ከእኔ አፍ ሲወጣ ትልቅ ምስጋና ነው።

«ውኃ ወዴት ነው የሚፈሰው?» አለች።

«ቁል-ቁል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ጎበዞች! አሁን ናይልን እንይ። ከእዚህ አካባቢ ይነሳል» አለችና ማስመሪያዋን ግድግዳው ላይ በተቸነከረው ካርታ ታችኛው ክፍል ላይ አሳረፈች። «ከዚያ እንዲህ፣ እንዲህ፣ እንዲህ እያለ ሄዶ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል።» ማስመሪያዋ ወደ ላይ ወጥቶ ቆመ።

አንዲት ትንሽ እጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ ውኃ ቁልቁል ከሆነ የሚፈሰው፣ ናይል ለምን ሽቅብ ይወጣል?»

ድምፁን ለየሁት። የልጄ ልጅ ናት። ጉንጮቿ ሞላ ሞላ ስላሉ ቤት ውስጥ «ድንቡሼ» ነው የምንላት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷም አፏን በእጇ ከደነች፤ ግን ዓይኗ ሲስቅ አይቻታለሁ። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና ርእሰ መምህሩ ብቅ አለ። ርእሰ መምህራችን ሳቅ ካለበት የማይጠፋ ሰው ነው።

«ማናት ወንዙን ሽቅብ የነዳችው?» አለና ድንቡሼን ሲያያት እጁን አጨበጨበ። «ኧረ ተያት መምህርት፣ በዘሯ ነው! አያቷም እንዲሁ ነበር። ነይ ትንሿ ሽቅብ፣ ደረቅ ወንዝ ጋ ቁሚ!»

ልጅቷ ተነስታ ወደ ጥጓ ሄደች። ትከሻዋ ልክ እኔ ቀለም የምቀባበት ቦታ ላይ አረፈ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ያኔ ሦስተኛው ቧንቧ ልቡ የፈቀደውን አደረገ፤ ከአንገቴ እስከ ጫማዬ በሰበስኩ። ልጆቹ በመስኮት አይተውኝ እንደገና ሳቁ።

ነገሩን ላስረዳ። የዛሬ አርባ ስምንት ዓመት፣ እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ካርታ እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ ነበር። እኔም እጄን አወጣሁና ይህንኑ፣ ቃል በቃል ይህንኑ ጠየቅሁ። ቀድሞ የሳቀው አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነበር። «ሽቅብ!» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ ሽቅብ ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ትምህርቴን ተውኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ግን አልተወም፤ ተምሮ፣ ተምሮ ይኸው ርእሰ መምህር ሆነብኝ። እኔ የምጠግነው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ያደግን ሰዎች ነን፤ እሱ «አንተ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ቂመኛ ነው አትበለኝ። ነኝ፤ ግን አትበለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ድንቡሼ ከአልጋ አልወርድም አለች።

«ሆዴን አሞኛል።»

«የት ጋ?» አለች እናቷ፤ ልጄ ማለት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ መናገር ትችላለች።

«ሁሉም ጋ።»

«ሁሉም ጋ የሚያም ሆድ የለም። ተነሺ!»

«ሽቅብ ይሉኛል። አልሄድም። መቼም አልሄድም!»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርባት» አልኩ። «እኔም ቀርቻለሁ፤ ሞትኩ? ስፌት ታስተምሪያታለሽ። የሚስቁባት ሰዎች ጋ ምን አስኬዳት?»

ልጄ መርፌውን ከአፏ አወጣች። መርፌ ስታወጣ ከባድ ነገር ልትናገር ነው።

«አባዬ፣ አንተ ቀርተሃል?»

«ቀርቻለሁ እንጂ!»

«እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ራት ላይ ስለዚያ ክፍል ያላወራህበት ቀን አለ? የማን ወንበር የት እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለ እኔ ራሴ በቃሌ ይዤዋለሁ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጠህ ነው ያለኸው። ልጄን ደግሞ አጠገብህ ልታስቀምጣት ነው?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«ለመሆኑ» አለች ቀጠል አድርጋ፣ «መልሱን አገኘኸው? ናይል ለምን ሽቅብ ይወጣል?»

«ማን ነገረኝ?»

«ማንን ጠየቅህ?»

ማንንም አልጠየቅሁም። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ወዲህ ካርታ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። አርባ ዓመት ለሰው ቤት የውኃ መውረጃ ስዘረጋ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትገፋ ሽቅብ ስትወጣ አላየሁም። ይህን እያወቅሁ የገዛ ጥያቄዬን መልስ ፈልጌ አላውቅም። የፈለግሁት የሳቀብኝን ሰው እንጂ መልሱን አልነበረም።

ድንቡሼ ያን ቀን ቤት ቀረች። እኔ ሥራ እንደገባሁ ርእሰ መምህሩ ጠራኝ።

«ስማ ሽቅብ፣ የአራተኛ ክፍል ካርታ ጥጉ ተንጠልጥሏል። ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ፤ ልጆቹ ወንዞቹን ይደረድራሉ። በደንብ አድርገህ ቸንክረው።»

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ።»

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ ገባሁ። የካርታው ጥግ ስለተቀደደ ከጀርባው ጨርቅ ልለጥፍለት ብዬ አራቱን ሚስማሮች በጉጠት ነቀልኩና ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ለመለጠፍ ተንበረከክሁ። ዓይኔን ላዞር ስል ናይል ከጉልበቴ ሥር ሆኖ አየሁት።

ክው አልኩ።

ሽቅብ አይወጣም! ወለሉ ላይ ተኝቷል። ከወዲህ ተነስቶ ወደዚያ ይሄዳል፤ በቃ፣ ልክ ከግቢው ጫፍ እስከ በሩ እንደምዘረጋው ቧንቧ። ሽቅብ የወጣው ወንዙ አልነበረም። ካርታው ነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው! ካርታውን መሬት ላይ ያሳየኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ... ደግሞ ተነሳሁ፣ ዞርኩ፣ ከሌላ በኩል አየሁት። ጫማዬን አውልቄ ካርታው ዳር ላይ በአራት እግሬ ስሄድ መምህርቷ ገባች።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«አራተኛ ክፍል» አልኳት።

ተቀምጣ ሁሉንም ሰማችኝ። ሳልነግራት የቀረ የለም፤ የወንበሮቹን አቀማመጥ ጭምር። ስጨርስ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ልጅቷ ዛሬ ያልመጣችው በእኔ ምክንያት ነው» አለች። «ልንገርዎት? ዐሥሩንም ወንዞች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ልጅ ሳለሁ በእነሱ ተሸልሜያለሁ። እሷ ስትጠይቀኝ ግን መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ሁሉም ሲስቅ መደበቂያ አገኘሁ ብዬ ሳቅሁ።»

«እርስዎም?»

«ኧረ አንቺ ይበሉኝ። አዎ፣ እኔም።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ከእኔ ጋር ተንበርክካ አሳየችኝ። ቡኒው ቀለም ከፍታ ነው፣ አረንጓዴው ዝቅታ። ናይል ከቡኒው ይነሳል፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ላይ ነው። «የኒሴይ የሚባል ወንዝም አለልዎት» አለች፤ «እሱም ወደ ሰሜን ፈስሶ በረዶ ከሆነ ባሕር ይገባል። ያንግትዜ ወደ ምሥራቅ፣ ሚሲሲፒ ወደ ደቡብ። ሁሉም ቁልቁል ነው የሚሄዱት፤ ቁልቁሉ ግን በየአቅጣጫው ነው።»

ይህን ያህል ነገር በአንድ የምሳ ሰዓት ተምሬ አላውቅም። «መምህርት» አልኳት፣ «ልጆቹ ውኃው ሲሄድ ቢያዩስ? ጭቃ አለ። ጎማ አለ። እኔም አለሁ።»

ዓለምን በጭቃ ሠርተን ውኃ እናፍስስባት ልንል ርእሰ መምህሩ ቢሮ አብረን ሄድን።

«የምን ጭቃ?» አለ። «ወላጅ የሚመጣው ልጁ ሲደረድር ሊሰማ ነው። እኔ በልጅነቴ ዐሥሩን በአንድ ትንፋሽ ነበር የማወርዳቸው።»

«የት ደርሰው የት እንደሚገቡስ?» አለች መምህርቷ።

«መግቢያቸው ፈተና ላይ አይመጣም።»

«ጌታዬ፣ አንዲት ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠይቃ ቤቷ ቀርታለች። ይህስ የት ላይ ይመጣል?»

ርእሰ መምህሩ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ይሁን። ግን ዓርብ ወላጅ ፊት ብታዋርዱኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወንዝ የሚባል ነገር ከመደርደር በቀር አይነካም።»

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ውኃ ልኬን ይዤ ቤት ገባሁ። ውኃ ልክ የምንለው ቀላል ነገር ነው፤ ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ውኃ ይሞላበታል። ሁለቱን ጫፎች ሁለት ቦታ ይዘህ ውኃው የቱ ጋ እንደቆመ ታያለህ፤ የትኛው ቦታ ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ይነግርሃል። አንዱን ጫፍ ለድንቡሼ ሰጠኋት።

«ወደ ላይ አንሺው።»

አነሳችው። በእኔ በኩል ውኃው ሞልቶ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሳቀች፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አየሽ? ዝቅ ወዳለው ነው የሚሄደው፤ እኩል ካልሆነ አያርፍም። ናይልም እንዲሁ ነው። ካርታውን ከግድግዳ ሳወርደው ሽቅብ መውጣቱን ተወ።»

«እንዴ! ታዲያ ካርታ ላይ ላይኛው ማለት ላይ ማለት አይደለም?»

«ሰሜን ማለት ነው። ከአናትሽ በላይ ሳይሆን ከፊት ለፊትሽ።»

ዝም አለች። የዚህች ልጅ ዝምታ ያስፈራል፤ ጥያቄ እያበሰለች ነው።

«አባባ፣ ወንዞች ሁሉ ባሕር ከገቡ፣ ባሕሩ ለምን ሞልቶ አይፈስም?»

አፌን ከፈትኩ። «ቀልደኛ!» ልላት ነበር። «ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?» ልላትም ነበር። ሳቅም ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ያ ሳቅ፣ የማውቀው ሳቅ። ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኳት።

ጣሪያው አልወደቀም። ልጄ ስፌቷን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ያውቃል?»

«መምህርትሽ ታውቅ ይሆናል።»

ድንቡሼ አሰበች። «እሺ፣ ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ከሳቁብኝ ግን አልመለስም። አንተም እሺ በለኝ።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል?

ረቡዕ ሄደች። መምህርቷ መጀመሪያ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ካርታውንም ወለሉ ላይ ዘርግታ ሁሉንም አሳየች። የባሕሩን ጥያቄ ስትሰማ ደግሞ በአንድ ሳህን ውኃ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ ሳህኑን ሊጠብቁ በእረፍት ሰዓት እንኳ ሳይጫወቱ ቀሩ። ውኃው እያነሰ ሲሄድ ፀሐይ እንደምትወስደው፣ ደመና ሆኖ፣ ዘንቦ ወደ ወንዞቹ እንደሚመለስ ነገረቻቸው። እኔም በመስኮት ሰማሁ። መስኮት ስጠግን ነበር።

ሐሙስ በኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ላይ ዓለምን በጭቃ ሠራን። እንደዚያ ያለ ሁካታ ሰምቼ አላውቅም። አፍሪካን የሚያድቦለቡል፣ አውስትራሊያን ረግጦ የሚሰደብ፣ አፍንጫው ላይ እስያ የተለጠፈበት ልጅ ሁሉ ነበር። ከድንቡሼ ጀርባ የሚቀመጠውና ሰኞ ዕለት ከሁሉ በላይ የሳቀባት ጥርሰ ወላቃ ልጅ የውኃ ባልዲ ተሸካሚ ሆኖ «መንገድ! ኮንጎ እየመጣ ነው!» እያለ ይጮኻል።

ናይልን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ ራሴ ሠራሁት። መነሻውን ተራራ ከፍ አድርጌ፣ መውረጃውን በውኃ ልክ እየለካሁ፣ በጣቴ እያለሰለስኩ ግማሽ ቀን ጨረስኩበት። ጭቃው ሲያልቅ ለሌሎቹ ወንዞች በዓይኔ ገምቼ እዚህም እዚያም ጉብታ ጣል ጣል አደረግሁ። ልብ በሉ፤ ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ ወላጆች መጡ። ዙሪያውን ቆሙ። ልጄም መርፌ ያለበት ቀሚሷን እንደለበሰች መጥታለች። ርእሰ መምህሩ ጥቁር ጫማውን አስወልውሎ በምዕራብ በኩል፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል ላይ ቆመ። ማንም ውቅያኖስ ውስጥ ነህ አላለውም።

ድንቡሼ ባልዲዋን ናይል መነሻ ላይ አዘነበለች። ውኃው ኮለል ብሎ ወርዶ፣ ጠመዝመዝ ብሎ፣ ሜዲትራኒያን ብለን ያስቀመጥነው ሳፋ ውስጥ ጠብ አለ። ጭብጨባው! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ርእሰ መምህሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ አያጨበጭብም።

ቀጥሎ አማዞን ነው። አማዞን ከምዕራቡ ተራራ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አትላንቲክ መፍሰስ አለበት። ጥርሰ ወላቃው አፈሰሰ። ውኃው ትንሽ አመነታ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ ምዕራብ ገሰገሰ፤ ጉብታዬን ንዶ፣ ጭቃ ይዞ፣ በቀጥታ ርእሰ መምህሩ ጫማ ላይ ወጣ።

ሳቅ ሲፈነዳ ታውቁታላችሁ? እኔ አውቀዋለሁ። ወላጅ ሳቀ፣ ልጅ ሳቀ፣ ዘበኛው በር ላይ ሆኖ ሳቀ።

«ሽቅብ!» አለ ርእሰ መምህሩ እግሩን እያራገፈ። «ዛሬም ሽቅብ! አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አልተማርክም?»

ዓመቱን እሱም ይቆጥራል ማለት ነው፤ ያኔ ግን ይህን አላስተዋልኩም። የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ። ጎንበስ አልኩና የመሣሪያ ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ሩቅ አይደለም። ድንቡሼን አየኋት። እሷም በሩን እያየች ነው፤ «ከሳቁ አልመለስም» ብላኛለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። እጄን ዘረጋሁላት። እንሂድ ማለቴ ነው።

መጥታ እጄን ሳይሆን ቦርሳዬን ያዘች።

«አባባ፣ ሳንጠይቅ?»

«ምን?»

«ለምን ወደ ኋላ እንደሄደ ነዋ! ሳናውቅ ልትሄድ ነው?»

ይህች ፍጥረት ጉንጭ ብቻ አይደለችም። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ወላጆቹ ፊት፣ ልጄ ፊት፣ ጫማው የራሰ ሰው ፊት ጮክ ብዬ «ለምን ወደ ኋላ እንደሄደ አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አለች መምህርቷ ቶሎ ብላ። «ማን ይነግረናል?»

ሳቁ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ሰው አላውቅም ባለ ሰው ላይ ለመሳቅ ይቸገራል፤ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ድንቡሼ ውኃ ልኩን አወጣች። አንዱን ጫፍ እሷ ይዛ አትላንቲክ ጋ ቆመች፣ ሌላውን ለጥርሰ ወላቃው ሰጥታ ፓሲፊክ ላከችው። «ሁለት ጣት!» አለ ልጁ። «በእኔ በኩል መሬቱ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል! ሜዳው ራሱ ወደ ቢሮው ያዘነበለ ነው!»

ርእሰ መምህሩ ዞሮ ቢሮውን አየ። በዝናብ ወቅት ቢሮው ለምን ውኃ እንደሚገባበት ሁለት ዓመት ሲጨቀጭቀኝ ነበር፤ እኔም ሁለት ዓመት ጣሪያውን ስወቅስ ነበር።

ልጆቹ ካርታውን ከክፍል አምጥተው ተደፉበት። «ተራራው!» አለች አንዷ። «በምዕራብ ጫፍ ቡኒ መስመር አለ፤ ከላይ እስከ ታች! የእኛ ተራራ ግን ትንሽዬ ናት!»

«አንዲስ ይባላል» አለች መምህርቷ። «ያ ተራራ ነው አማዞንን ፓሲፊክ አጠገብ አስነስቶ አህጉሩን ሁሉ የሚያስቋርጠው፣ አትላንቲክ ድረስ። ጭቃ ከየት እናምጣ?»

ሁሉም ወደ እኔ ናይል ተራራ ዞሩ። ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ አልክድም። «ውሰዱ» አልኩ። እየቆረሱ ወሰዱ። አንዲስን ከላይ እስከ ታች ገነቡት። ጥርሰ ወላቃው እንደገና አፈሰሰ። አማዞን እንደገና አመነታ፤ ከዚያ ተራራውን ተደግፎ ዞረና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አትላንቲክ ወረደ። ልጆቹ ዘለሉ። ልጄ በቀሚሷ ላይ ያለው መርፌ እስኪወድቅ አጨበጨበች።

ወላጆቹ ከሄዱ በኋላ ርእሰ መምህሩ ጫማውን ሊያጥብ ወደ መታጠቢያው መጣ። እኔ እጄን እታጠባለሁ። አንድ ጫማውን አወለቀ።

«ያኔ» አለ፣ «እጄን ግማሽ ድረስ አውጥቼ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«ያኔ ነዋ! ማክሰኞ። እኔም ሽቅብ የሚወጣ መስሎኝ ልጠይቅ ስል ቀደምከኝ። ክፍሉ ዝም ሲል ፈራሁ። እኔም እንደዚያ እንዳሰብኩ እንዳይታወቅብኝ ሳቅሁ።»

«አንተ!» አልኩት፤ እርስዎነቱ የት እንደገባ እንጃ። «አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«በአፍህ ነዋ!»

ጫማውን አስጠግቶ ሦስተኛውን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ ሲያየው ፊቱ ላይ ተፋበት። ከሰኞ ጀምሮ አልጠገንኩትም ነበር፤ ሆን ብለህ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከርም። ውኃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ አየኝ። አየሁት። ከዚያ ሳቅን፤ ሁለታችንም፣ እኩል።

በቀጣዩ ሰኞ ሁለት ትእዛዝ ሰጠኝ፤ «እባክህ» የሚል ቃል ነበረበት። የመጀመሪያው ካርታው ከእንግዲህ አይቸነከርም፤ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ሁለተኛው «ደረቅ ወንዝ» ይቅር፣ ጥጉ ይቀባ። ቀባሁት። እስካሁን በትከሻ ልክ የተላጠ ቦታ የለም። ልጆቹ አሁንም ወንዞቹን እየደረደሩ ያጨበጭባሉ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ይጨምሩበታል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም።

እናንተ ወላጆች፣ መምህራን፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች! ልጅ ጥያቄ ሲጠይቃችሁ ሳቃችሁ ከመጣ፣ አንድ አፍታ ያዙትና መልሱን ታውቁት እንደሆነ ራሳችሁን መርምሩ። ካላወቃችሁ አላውቅም በሉ። እኔ በዚያች ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ብያለሁ፤ ምንም አትሆኑም። በጥያቄው የተሳቀበት ልጅ ግን ጥያቄውን አይረሳም፤ መጠየቁን ነው የሚተወው። ልጄ እንዳለችው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊቀርም ይችላል።

እኔ አሁን በየሳምንቱ ሰኞ አራተኛ ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ ታገኙኛላችሁ። መስኮት እየጠገንኩ ነው። መስኮቱ ከተጠገነ ቆይቷል፤ መምህርቷም ታውቃለች። ባለፈው ስለ ተራሮች ጀምረናል። ዘንድሮ፣ ምንም ካልተሰበረ፣ አራተኛ ክፍልን የምጨርሰው ይመስለኛል።